ልደታን ያስለቀቀው አየር

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥተው ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚያቀኑትን የታክሲዎች ረዳቶች «ኦልድ ኤርፖርት! ኦልድ ኤርፖርት!» እያሉ ሲጣሩ የሰማ እንግዳ ሻንጣውን ተሸክሞ ቢሳፈር ሊፈረድበት አይገባም። ከሥፍራው ሲደርስ የሚጠብቁት መኖሪያ ቤቶች፣ ሱቆችና ትምህርት ቤቶች እንጂ መንገደኛ የሚያሳፍር አውሮፕላን አይደለም። ሥራው ተወስዶበት ስሙ ብቻ የቀረለት ይህ ጣቢያ የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን የመንገደኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ልደታ የአዲስ አበባ የአየር በር ሆኖ አገለገለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግን የጄት ዘመን ደረሰና አየር መንገዱ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቦሌ ተሻገረ፤ በ1955 ዓ.ም. የመጡት የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720 ቢ ጄቶችም መኖሪያቸው ቦሌ ሆነ።

ልደታ ለምን ተለቀቀ? ይህን ጥያቄ ለአዲስ አበባ ሰው ብታቀርቡለት «ሜዳው ጠበበ፤ ከተማውም ዙሪያውን ከበበው» ይላችኋል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የእውነቱ እኩሌታ ብቻ ስለሆነ፣ ግማሹን ብቻ ማወቅ ደግሞ ዛሬ ስለ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ በምንነጋገርበት ጊዜ ስለሚያሳስተን፣ ቀሪውን እኩሌታ ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። በእኔ አስተያየት ልደታን ያስለቀቀው የመሬቱ ጥበት ብቻ ሳይሆን የአየሩ መሳሳት ጭምር ነው። መሬቱም «ጠበበ» የተባለው አየሩ የሳሳ በመሆኑ ነው።

አየር ክብደት እንዳለው በሳይንስ ትምህርታችሁ ተምራችኋል። በባሕር ጠረፍ፣ ለምሳሌ በምጽዋ ከፍታ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ቢሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ይመዝናል። በዚሁ ሙቀት፣ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ግን ያው አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው 900 ግራም ያህል ነው። ከአራት እጅ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። ጉድለቱ ለዓይን ስለማይታይ ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ወጥ ቤት የምትገባ እናት ግን ታውቀዋለች። በዚህ ከተማ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ንፍሮው ቶሎ አይበስልላትም። ባቄላውን «ድንጋይ» ብላ ስታማው በደሉ የባቄላው ብቻ አይደለም።

ለጄት ሞተር አየር ምግቡ ነው። ሞተሩ ከፊቱ አየር ይስባል፤ የሳበውን ይጨምቃል፤ በተጨመቀው አየር ውስጥ ነዳጅ ያነድዳል፤ የጋለውንም ጋዝ በታላቅ ፍጥነት ወደ ኋላ ይወረውራል። ወደ ኋላ የተወረወረው ጋዝ አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋዋል። የሚገፋው ኃይል መጠን የሚለካው በሁለት ነገር ነው፤ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ኪሎ አየር ተወረወረ? ፍጥነቱስ በምን ያህል ጨመረ? «ስንት ኪሎ» እንጂ «ስንት ሜትር ኩብ» እንዳላልሁ አስተውሉ። የሞተሩ አፍ በምጽዋም በአዲስ አበባም ስፋቱ ያው ነው፤ በአንድ ጉርሻ የሚያነሣው ክብደት ግን እዚህ ያንሳል። ስለዚህ ከባሕር ጠረፍ ሲነሣ የሚሰጠውን ኃይል እዚህ ሙሉ ለሙሉ ሊሰጥ አይችልም።

«ታዲያ ነዳጁን ጨመር ቢያደርጉለትስ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ለጥቂቱ አየር ብዙ ነዳጅ ቢሰጡት ጋዙ ከልክ በላይ ይግላል። ከጋዙ መንገድ ላይ ቆመው የሚሽከረከሩት የተርባይኑ ምላጮች የሚችሉት ሙቀት ወሰን አለው። ወሰኑ ከታለፈ ሞተሩ ይጎዳል፤ አብራሪውም ይህን ያውቃልና አይደፍረውም።

ችግሩ በሞተሩ ቢያበቃ መልካም ነበር። ክንፉም የሚሠራው በዚሁ አየር ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው በላዩና በታቹ በሚያልፈው አየር ኃይል ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የግድ መፍጠን አለበት። የማንሣት ኃይል ከአየሩ እፍግታና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር አብሮ የሚያድግ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ መሬት የሚለቅ አውሮፕላን፣ አየሩ በሩብ በጎደለበት በአዲስ አበባ መሬት የሚለቀው 300 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ነው። ወረቀትና እርሳስ አንሥታችሁ ራሳችሁ ብታሰሉት እወዳለሁ።

እንግዲህ ሁለቱን ጉዳቶች አንድ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ። አውሮፕላኑ ከፍ ወዳለ ፍጥነት መድረስ ይኖርበታል፤ ወደዚያ ፍጥነት የሚያደርሰው ኃይል ግን ቀንሶበታል። ሩጫው ስለ ፍጥነቱ አንድ ጊዜ፣ ስለ ኃይሉ ማነስ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይረዝማል። ስሌቱን ለማቃለል ሞተሩም እንደ አየሩ ሩብ ኃይሉን አጥቷል ብንል፣ በባሕር ጠረፍ 1,800 ሜትር መንደርደሪያ የሚበቃው አውሮፕላን በአዲስ አበባ 3,200 ሜትር ያስፈልገዋል። እውነተኛው ስሌት ከዚህ የረቀቀ ነው፤ የነፋሱን፣ የሙቀቱን፣ የመሬቱን ዘቅዛቃነትና የሞተሩን ዓይነት ሁሉ ይቈጥራል። ይሁንና የነገሩን መጠን ለማየት ይህ ይበቃል። የቦሌ ሁለት መንደርደሪያዎች 3,700 እና 3,800 ሜትር የሚረዝሙት ለጌጥ እንዳልሆነም ከዚህ ትረዳላችሁ።

ወደ ልደታ እንመለስ። በዚያ ሜዳ ይመላለሱ የነበሩት ዲሲ 3 አውሮፕላኖች በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርሱ ከመሬት የሚነሡ፣ በውልብልቢት የሚበሩ፣ ቀላል መኪናዎች ነበሩ። የፒስተን ሞተራቸውም አየሩን አጭቆ ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባ መሣሪያ ስለነበረው የደጋውን አየር መሳሳት በመጠኑ ይቋቋም ነበር። ጄቱ ግን ከመሬት የሚለቀው የዚያን እጥፍ ያህል ሲሮጥ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ የሚያፋጥነው ኃይል ካልበረታ በቀር፣ የሩጫው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ከፊዚክስ ትምህርታችሁ ታስታውሳላችሁ። ልደታ ያን ያህል መሬት አልነበረውም። ያው ሜዳ በባሕር ጠረፍ ቢሆን ኖሮ ለጄት ይበቃ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት እዚያም ያጥር ነበር። ማለት የፈለግሁት፣ በቦሌ ይህን ያህል ረጅም መንደርደሪያ እንድናነጥፍ ያስገደደን የሕዝቡ ብዛት ሳይሆን የአየሩ ጠባይ ነው ነው። አየር መንገዱ ከመረጠው አውሮፕላን ስም በስተመጨረሻ የተቀመጠችው «ቢ» እንኳ ምክንያት አላት። ከፊት ለፊት ሰፊ ማራገቢያ ያለውንና ብዙ አየር የሚወረውረውን የተሻሻለ ሞተር የምታመለክት ፊደል ናት። አየር ለሳሳበት አገር ብዙ አየር የሚጎርስ ሞተር ይስማማዋል።

እዚህ ላይ ብልህ አንባቢ ይከራከረኛል። «ጄት አውሮፕላን 11,000 ሜትር ላይ ወጥቶ አይደለም እንዴ የሚበረው? እዚያ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ከሲሶው አይበልጥም። ያን የቻለ ሞተር የአዲስ አበባን 2,330 ሜትር እንዴት ይፈራል?» ይለኛል። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። በከፍታው ላይ የሞተሩ ኃይል በርግጥ በጣም ይቀንሳል። ነገር ግን አየሩ ስለሳሳ የሚገታውም ነገር አብሮ ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም አስቀድሞ ፍጥነት ስላለው የሚፈለገው ያን ፍጥነት መጠበቅ ብቻ ነው። አየሩ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝም ሞተሩ ከነዳጁ የተሻለ ሥራ ያገኛል። በመነሻ ጊዜ ግን አውሮፕላኑ ከቆመበት፣ ነዳጁን ሞልቶ፣ ከጉዞው ሁሉ በከበደበት ሰዓት፣ በተወሰነ መሬት ላይ ነው የሚሮጠው። የደጋ ከፍታ የሚጎዳው በዚህች ከአንድ ደቂቃ ባነሰች ጊዜ ውስጥ ነው። ጉዳቱ ግን ከዚያች ደቂቃ በኋላ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይከተለዋል፤ መነሣት ያልቻለውን ክብደት አስቀርቶ ሄዷልና።

ሌላው የምሰማው ንግግር ደግሞ «እኛ እኮ የደጋ ሰዎች ነን፤ ስስ አየር ለምደናል» የሚል ኩራት ነው። ኩራቱ መሠረት አለው። ማሞ ወልዴ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. የማራቶንን ወርቅ ያገኘው ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ብዙ በማያንስ በሜክሲኮ ከተማ ነው፤ ከልደታ አጠገብ ያለው አደባባያችን በዚያች አገር ስም መጠራቱም (በጠላት ወረራ ዘመን ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ በመሆንዋ ነው) ደስ የሚያሰኝ ግጥምጥም ነው። ይሁን እንጂ ከማሞ ሳንባና ደም የምንማረውን ለሞተር ማውረስ አንችልም። ሰው በደጋ ሲኖር ደሙ አየሩን ይለምዳል። ሞተር ግን አይለምድም። ቦሌ ላይ ሃምሳ ዓመት ቢኖርም በሃምሳኛው ዓመት የሚጎርሰው አየር ያው 900 ግራም ነው።

ዋጋውን በቁጥር እንየው። በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የእኛ የተረከበው ቦይንግ 787 ቢበዛ 228 ቶን ገደማ ሆኖ እንዲነሣ የተሠራ ነው። ባዶውን 120 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ታንኩ ከሞላ 100 ቶን ገደማ ነዳጅ ይይዛል። ለሰውና ለዕቃ የሚተርፈውን ራሳችሁ ቀንሱት። አሁን የአንድ ቀን አየርና ሙቀት 208 ቶን ብቻ ይዞ እንዲነሣ ፈቀዱለት እንበል። የተከለከለው 20 ቶን ከአውሮፕላኑ አካል ላይ አይቀነስም፤ ክንፉን ቆርጦ አይጥልምና። ከነዳጁ ቢቀነስ መንገዱ ያጥራል፤ ከሰው ቢቀነስ፣ አንዱን መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ብንለው፣ 200 ሰው ነው። ወይም ደግሞ ያን ያህል ክብደት ያለው ጽጌረዳና ሥጋ ገዢው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። የከፍታ ግብር የምለው ይህን ነው። ጉምሩክ አይሰበስበውም፤ ደረሰኝም የለው፤ ግን በየቀኑ ይከፈላል።

ለዚህ አንድ ታሪክ ልጨምር። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለ ማረፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በርሮ አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ጊዜ ለባለ ሁለት ሞተር ጄት ትልቅ ክብረ ወሰን ነበር፤ ሁላችንም ልንኮራበት ይገባል። ግን አቅጣጫውን ልብ በሉ። ከዝቅተኛው አገር ተነሥቶ ወደ ከፍተኛው ነው የመጣው። ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት ከዋሽንግተን ሲመለስ ያለ ማረፍ የሚመጣው አውሮፕላን፣ ከአዲስ አበባ ሲሄድ ግን በመንገድ ላይ፣ በሮም ወይም በደብሊን፣ አርፎ ነዳጅ መቅዳት ነበረበት። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ነፋሱ ፊት ለፊት መምጣቱም አንድ ምክንያት ነው፤ ይህን አልሸሽግም። ሆኖም ታንኩን ሞልቶ መነሣት ቢቻል ኖሮ ማቆሙ ባላስፈለገ ነበር።

ቅዝቃዜም ከፍታን በከፊል ይክሳል። እኩለ ቀን 24 ዲግሪ የሆነው የአዲስ አበባ አየር ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ 5 በመቶ ያህል ይታፈጋል። በልደታ አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ እኩለ ሌሊት አካባቢ የምትሰሙት የረጅም መንገድ አውሮፕላኖች ድምፅ፣ የመንገደኞች መገናኛ ሰዓት እንዲገጥም ከተደረገው ዝግጅት በተጨማሪ፣ ይህን የሌሊት በረከት የሚቀበል ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን ጉዳይ ልድረስ። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አዲስ ታላቅ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ታቅዶ በ2018 ዓ.ም. ሥራው ተጀምሯል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ቦሌ መጨናነቁን ነው፤ ልክ ስለ ልደታ «ጠበበ» ይባል እንደነበረው። እኔ ግን ከምክንያቶቹ ሁሉ በመጀመሪያ ሊነገር የሚገባው ሥፍራው ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ ነው እላለሁ። መጨናነቅ ሕንፃ በመጨመር ሊቃለል ይችላል። ከፍታን ግን በምንም ገንዘብ ከቦሌ ሥር ቆፍረን ልናወጣው አንችልም።

አራት መቶ ሜትር ምን ታህል? አየሩን 4 በመቶ ያህል ታከብደዋለች፤ ቢሾፍቱ ሞቅ ማለትዋ በዚህ ውስጥ ተቈጥሮ ነው። «ለ4 በመቶ ይህ ሁሉ ድካም?» የሚሉ አሉ። የሚረሱት ነገር፣ ትርፉ የሚደመረው በጠቅላላው ክብደት ላይ ሆኖ የሚደርሰው ግን በሙሉ ለጭነቱ መሆኑን ነው። በ228 ቶን ላይ 1 በመቶ ብቻ ቢገኝ 2 ቶን ከ280 ኪሎ ነው፤ አውሮፕላኑ ራሱ አልከበደምና ሁሉም ለመንገደኛና ለዕቃ ነው። ይህን በቀን በሚነሡት አውሮፕላኖች፣ ቀጥሎም በዓመት አባዙት። «ሞተሮች እየበረቱ ስለሄዱ ነገሩ አይረባም» የሚሉትም ቢሆኑ አያሳምኑኝም፤ ደጋ ላይ የበረታ ሞተር ዝቅ ብሎ ቢነሣ ይበልጥ ይበረታልና።

ይህን ስል ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ትርፍ ነው አላልሁም። በዚያ መሬት ላይ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። ለእነርሱ «አገር ሊለማ ነው» ብሎ ማለፍ በቂ ነው ብዬ አላምንም። ከደጋ አየር የሚተርፈው ቶን በገንዘብ ይቈጠራል፤ በገንዘብ የሚቈጠር ትርፍ ደግሞ መሬቱን ለለቀቀው ሰው ድርሻው ሊታሰብለት ይችላል። የአውሮፕላን ሊቃውንት እያንዳንዱን ኪሎ የሚመዝኑትን ያህል የገበሬው ጉዳት ሲመዘን ያዩ እንደሆነ፣ ነቀፌታዬን ባልተናገርሁ ነበር። ዝቅ ብሎ መሥራቱ ትክክል ነው፤ ካሣው ግን ከትርፉ ጋር መመዛዘን አለበት።

ዋና ከተማችን ራሷ ከከፍታ ወርዳ የተሠራች ናት። በ1879 ዓ.ም. ገደማ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውኃው ባይወርዱ ኖሮ ልደታም ቦሌም ባልኖሩ። እንጦጦ ላይ ቀርተን ቢሆን ጄቶቻችን 3,000 ሜትር ላይ ይንደረደሩ ነበር ብሎ ማሰቡም ያስቃል። አሁን ደግሞ አንድ ደረጃ ልንወርድ ነው። ያ በተፈጸመ ጊዜ የታክሲ ረዳቶቹ ምን ብለው እንደሚጣሩ ለማየት እጓጓለሁ፤ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለውን ስም ልደታ ወስዶታልና ለቦሌ ሌላ ስም መፈለግ ይኖርባቸዋል።